ቅድመ ስኳር ምንድን ነው? ዶክተሯ «ጣፋጭ ይቀንሱ» ስትል ምን ማለቷ ነው?

ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ቤት ትሄዳላችሁ። ለጨጓራ፣ ለወገብ ሕመም፣ ወይም መሥሪያ ቤት የጤና ምርመራ ጠይቆ። ደም ትሰጣላችሁ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ ወረቀቱን አየት ታደርግና «ስኳርዎ ትንሽ ከፍ ብሏል። ገና በሽታ አይደለም፤ ግን ጣፋጭ ይቀንሱ» ትላለች። ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ ቆሟል። አመስግናችሁ ትወጣላችሁ። ጥያቄው የሚመጣው ታክሲ ውስጥ ነው። ከፍ ብሏል ማለት ስንት ነው? በሽታ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? እኔ እኮ ኬክ የምበላው ልደት ሲኖር ብቻ ነው፤ ምኑን ነው የምቀንሰው?

ይህ ሁኔታ ቅድመ ስኳር ይባላል። ብዙ ሰው «ቦርደር ላይ ነኝ» ወይም «ስኳር ጀማምሮኛል» ሲል የሚያወራው ስለዚሁ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከጤናማው መጠን አልፏል፤ የስኳር በሽታ ለመባል ግን አልደረሰም። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ውሃ ውሃ አያሰኝም፣ ሌሊት ለሽንት አያመላልስም፣ አያከሳም። ስለዚህ ብዙ ሰው ሳያውቀው ለዓመታት አብሮት ይኖራል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፣ በዚያ አገር ከ3 አዋቂዎች ከ1 በላይ የሚሆኑት ቅድመ ስኳር አለባቸው። ከእነዚህ ከ10ሩ 8ቱ አያውቁትም። እንግዲህ በአጋጣሚ የተነገራችሁ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ። ይህን ለማጽናናት አይደለም የምለው፤ ለምን እንደሆነ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ። የላቦራቶሪ ወረቀታችሁን አውጡና እዩት። በባዶ ሆድ የሚወሰድ ምርመራ ከሆነ፣ ማለትም ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም ሳትቀምሱ፣ ከ100 ሚሊግራም (በዴሲሊትር ደም) በታች ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ነው። 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በሌላ ቀን ሲደገምም እንደዚያው ከሆነ የስኳር በሽታ ይባላል። ይህ የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር መለኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ቅድመ ስኳርን ከ110 ነው የሚጀምረው። ስለዚህ 104 የተገኘበትን ሰው አንዱ ሐኪም «ደህና ነህ»፣ ሌላው «ተጠንቀቅ» ቢለው ሁለቱም አልተሳሳቱም። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ወረቀታችሁ ላይ 5 ነጥብ ምናምን ወይም 6 ነጥብ ምናምን የሚል ብታገኙ አትደንግጡ። መለኪያው ሚሊሞል ስለሆነ ነው። በ18 አብዙት፤ እኛ ወደለመድነው ቁጥር ይመጣል።

ሌላው ምርመራ ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ይባላል። ይሄኛው ባዶ ሆድ አይፈልግም። ቀይ የደም ሴል የሚኖረው ወደ 120 ቀን ገደማ ነው። በዚያ ዕድሜው ስኳር እየተጣበቀበት ይሄዳል። ስለዚህ ኤዋንሲ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ቅድመ ስኳር ነው፤ 6.5 ሲሞላ ስኳር ነው። ከምርመራው በፊት ባለው ሳምንት ጣፋጭ አቁሞ ይህን ቁጥር ማታለል አይቻልም። የደም ማነስ ያለበት ሰው ግን ቁጥሩ ሊዛባበት ስለሚችል ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው? የበላነው እንጀራም ሆነ ዳቦ ተፈጭቶ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል። ኢንሱሊን ያንን ስኳር ከደም አውጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች ሴሎች ያስገባዋል። በቅድመ ስኳር ጊዜ ሴሎቹ ኢንሱሊንን እንደ ድሮው አይታዘዙትም። ቆሽት ደግሞ ተስፋ አይቆርጥም፤ ጨምሮ ያመነጫል። ለተወሰነ ጊዜ ይቋቋመዋል። እየቆየ ግን ይደክማል፤ በደም ውስጥ ያለው ስኳርም ቀስ እያለ ይወጣል። በሆድ ዕቃ ዙሪያና በጉበት ላይ የሚከማች ስብ፣ ቁጭ ብሎ መዋል፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶባት የነበረች እናት መሆን፣ እነዚህ ሁሉ ያባብሱታል። ቀጭን ሰውም አይቀርለትም። ስለዚህ «ጣፋጭ ስለምወድ ነው» ብሎ ራስን መውቀስ ትክክል አይደለም። ጣፋጭ አንዱ ምክንያት እንጂ ብቸኛው አይደለም።

ታዲያ ዶክተሯ ለምን ከጣፋጭ ጀመረች? ልትነኩት የምትችሉት ቀላሉ ነገር እሱ ስለሆነ ነው። ዕድሜና ዘር አይቀየርም። ስኳር ግን ማንኪያ ላይ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። «ጣፋጭ ቀንስ» ሲባል ኬክ፣ ባቅላባ፣ ሙሽበክ፣ ቸኮሌት ይታየዋል። እነሱን ያቆማል። ሻዩ ግን እንዳለ ነው። እስቲ አብረን እንቁጠር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ልክ ሲሆን 4 ግራም ያህል ነው፤ ተቆልሎ ሲገባ ይበልጣል። ጠዋት ሻይ በሦስት ማንኪያ። ረፋድ ላይ ቢሮ ሌላ ሻይ በሦስት። ከሰዓት ቡና ተፈልቷል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ እያንዳንዱ ስኒ በሁለት ሁለት ማንኪያ። ይህ ብቻ 12 ማንኪያ፣ 48 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መመሪያ መሠረት በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የተጨመረ ስኳር ጣሪያው 50 ግራም ያህል ነው፤ ቢቻል ደግሞ 25 ግራም ላይ ቢቆም ይላል። እንግዲህ ይህ ሰው ከረሜላ እንኳ ሳይልስ ጣሪያው ላይ ደርሷል። በዚያ ላይ ምሳ ላይ አንድ ኮካ ቢጨምር፣ በ330 ሚሊ ሊትሩ ጣሳ ውስጥ ወደ 35 ግራም አለ።

የሚጠጣ ስኳር ከሚበላው የከፋ ነው ባይ ነኝ። ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ሆድ አይሞላም። ለስላሳ የጠጣ ሰው እንጀራውን አይቀንስም። ስለዚህ ከአንድ ነገር ጀምሩ ብባል የምለው ይኸው ነው፤ በዓል ላይ የምትቆርሱትን ኬክ ተዉት፣ ከመጠጡ ጀምሩ።

በአንድ ጊዜ ዜሮ ማድረግ የሚሆንለት ሰው አለ። ለብዙው ግን አይዘልቅም። ሦስት ማንኪያ የነበረውን ሁለት ተኩል አድርጉት። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ሁለት። ምላስ ይለምዳል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የድሮው ሻይ ከልክ በላይ ይጣፍጣችኋል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል ጠንከር አድርጋችሁ አፍሉት። ጣዕም ሲኖረው ስኳሩ አይናፍቅም። ቡናን በጤና አዳም የሚጠጡ አካባቢዎች አሉ፤ ሞክሩት።

ከራስ ጋር ከመታገል የሚከብደው ሰው ቤት ነው። እንግዳ ሲመጣ ሻዩ ስኳሩ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ገብቶ፣ ተማስሎ ይመጣል። መቅጃው ላይ መቀነስ አይቻልም። ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር፣ ሠርግ፣ ሁሉም ጋ ለስላሳ ተከፍቶ እጃችሁ ላይ ይደረጋል። «በሞቴ፣ ለዛሬ ብቻ» የምትል አክስት አለች። ፍቅሯ እውነት ነው፤ ማስቀየም አይገባም። የሚሠራው ቀድሞ መናገር ነው። ሻዩ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ገና ሲጣድ፣ «እትዬ፣ የኔን ሳይጣፍጥ ይቅዱልኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት። ሐኪም ሲባል ማንም አይከራከርም። ለስላሳ ሲመጣ አምቦ ውሃ መጠየቅ። የራስ ቤት ከሆነ ደግሞ ሻዩን ባዶውን አፍልቶ ስኳሩን ጠረጴዛ ላይ ማቅረብ፤ ሁሉም የፈለገውን ይጨምር።

ማርስ? ይህን የማይጠይቅ የለም። ማር ተፈጥሯዊ ነው፣ ግን አብዛኛው ይዘቱ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ማርን ከተጨመረ ስኳር ጋር ነው የሚቆጥረው። ሁለት ማንኪያ ስኳር ትቶ ሁለት ማንኪያ ማር ማድረግ ቅነሳ አይደለም። ብርዝም፣ በስኳር የተበጠበጠ በሶም እንደዚያው። ጁስ ቤት የሚቀዳው ስፕሪስም ስኳር ወይም ሽሮፕ ይጨመርበታል፤ ባይጨመርበትም ሦስትና አራት ፍሬ በአንድ ብርጭቆ ነው። ብርቱካኑን ልጣችሁ ብሉት። ያኔ ከአንዱ በላይ አትሄዱም፤ ቃጫውም አብሮ ይገባል። ስለ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ደግሞ ድርጅቱ በ2023 ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ አትመኩበት ብሏል።

እንጀራና ዳቦን በተመለከተ አንድ የተለመደ እምነት አለ፤ ጤፍ ስለሆነ ስኳር አይጨምርም የሚል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንጀራም ስታርች ነው፤ ስኳር ይሆናል። መተው አያስፈልግም፤ መጠኑን መቀነስና ወጡን ማብዛት ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን ጥሩ ናቸው። መጀመሪያ ጎመኑንና ምስሩን ቀመስ አድርጎ ወደ እንጀራው መሄድ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ዝቅ ያደርገዋል። ከእራት በኋላ ሰፈሩን ዞር ዞር ማለትም እንደዚሁ። የምንጾም ሰዎች ልብ ማለት ያለብን፣ ጾሙ ራሱ ችግር አይደለም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በጣፋጭ ሻይና በዳቦ መፍታቱ ነው። በረመዳን አፍጥርም ላይ ተምር ሁለትና ሦስት ሲሆን ሌላ፣ በላዩ ላይ ጁስና ጣፋጭ ሲደራረብ ሌላ ነው። መድኃኒት የጀመረ ሰው ግን ሳይጾም በፊት ሐኪሙን ያናግር።

አሁን ወደዚያ «ዕድለኞች ናችሁ» ወዳልኩት ልመለስ። በአሜሪካ በ1996 የተጀመረና ውጤቱ በ2002 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። 3,234 ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ተሳትፈውበታል። አንደኛው ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንዲራመድ ተደረገ። ሌላው ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር በሽታ ኪኒን ወሰደ። ሦስተኛው የማስመሰያ ኪኒን። በአማካይ ወደ ሦስት ዓመት ሲቆይ፣ አኗኗራቸውን የቀየሩት ወደ ስኳር በሽታ የመሸጋገር ዕድላቸው ማስመሰያውን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በ58 በመቶ ቀነሰ። ኪኒኑ የቀነሰው በ31 በመቶ ነው። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበት ጊዜ ይኼ ነው፤ ስኳር ከያዘ በኋላ ይህን ያህል ለውጥ በዚህ ያህል ድካም ማግኘት ይከብዳል።

አኗኗር ምን ያህል ኃይል እንዳለው የራሳችን ሰዎች ታሪክም ያሳያል። በ1984ና በ85፣ ከዚያም በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ ብርቅ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዛት ይታይባቸው ጀመር። ደማቸው አልተቀየረም። የተቀየረው ገበታውና ውሎው ነው፤ ነጭ ዳቦ፣ ለስላሳ፣ እርሻ ሲወጡ ሲወርዱ ከመዋል ይልቅ መቀመጥ። ዛሬ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ያለው ሐበሻ የሚኖረው ኑሮ ከዚያ ብዙም አይለይም።

አብሽ፣ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ የሚወስድ ሰው ብዙ ነው። አልቃወምም። ነገር ግን በሻይ ስድስት ማንኪያ እየጠጡ ጠዋት አብሽ መዋጥ የትም አያደርስም። የስኳር ኪኒን ከተጀመረ ደግሞ የሚወስዱትን ቅጠል ሁሉ ለሐኪም መንገር ግድ ነው፤ ሁለቱ ተደርበው ስኳርን ከመጠን በታች ሊጥሉት ይችላሉ።

ቀጣዩ ምርመራ መቼ እንደሆነ ሳትጠይቁ ከሐኪሟ ክፍል አትውጡ። ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ ነው፤ ለውጥ የጀመረ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ኤዋንሲ ቢያሠራ ልፋቱን በቁጥር ያየዋል። በመሃል ጥም ከጠናባችሁ፣ ሽንት ካበዛባችሁ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ወይም ዓይናችሁ ብዥ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ። አንድ ነገር ደግሞ፤ እናንተ ላይ ከተገኘ እህት ወንድሞቻችሁም ተመሳሳይ ዘር፣ ብዙ ጊዜም ተመሳሳይ ገበታ አላቸው። ደውሉላቸውና በባዶ ሆድ ተመርመሩ በሏቸው።