ስደተኛ ሆኖ ለአሜሪካ ኮንግረስ መወዳደር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኮንግረስ የሚገባው እዚያው የተወለደ ብቻ ነው»

ከልደት ጀምሮ ዜጋ መሆን የሚጠየቀው ለፕሬዚዳንትነትና ለምክትሉ ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት 25 ዓመት የሞላው፣ ቢያንስ ለ7 ዓመት ዜጋ የሆነ ሰው ይበቃል፤ ለሴኔት ደግሞ 30 ዓመት የሞላው፣ ለ9 ዓመት ዜጋ የሆነ። በተመረጠበት ጊዜ የሚወክለው ስቴት ነዋሪ መሆንም አለበት። ዓመቱ የሚቆጠረው ግን ለዜግነት ቃለ መሐላ ከተፈጸመበት ቀን ነው፤ አሜሪካ የገቡበት ቀን አይረዳም። ለዜግነት ብዙውን ጊዜ ከግሪን ካርድ በኋላ 5 ዓመት ስለሚጠበቅ፣ መንገዱ በጥቅሉ 12 ዓመት ያህል ነው። ሶማሊያ የተወለዱት ኢልሃን ኦማር እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ገብተው በ2000 ዜጋ ሆኑ፤ ለኮንግረስ የተመረጡት በ2018 ነው።

«ግሪን ካርድ ካለኝ መምረጥ እችላለሁ»

ከሁሉም አደገኛው ይኼ ነው። በፌዴራል ምርጫ ዜጋ ያልሆነ ሰው ድምፅ መስጠቱ ወንጀል ነው፤ ከአገር ሊያስባርርም ይችላል። ወጥመዱ ያለው መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ነው፦ «በመራጭነት ይመዘገባሉ?» ሲባል ሳያነቡ «አዎ» ብለው ይፈርማሉ። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ ተመዝግበው ወይም መርጠው እንደሆነ በግልጽ ይጠይቃል። እንደ ሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክ ያሉ ጥቂት ከተሞች ለራሳቸው ምርጫ ብቻ ይፈቅዳሉ።

«ገንዘቡን ሐበሻው ያዋጣልናል»

ያዋጣ፤ ግን አሰባሰባችን ከሕጉ ጋር የሚጋጭበት ቦታ ብዙ ነው። ከ5,000 ዶላር በላይ የሰበሰበ ወይም ያወጣ ሰው በሕግ ተወዳዳሪ ይባላል፤ በ15 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ያሳውቃል፣ ኮሚቴው ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። መስጠት የሚችሉት ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ናቸው። አዲስ አበባ ያለ ወንድም ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ዘመድ አንድ ዶላር እንኳ አይሰጥም፤ ያለ ክፍያ በበጎ ፈቃድ ቢያግዝ ግን ይቻላል። በጥሬ ገንዘብ ከአንድ ሰው የሚወሰደው ቢበዛ 100 ዶላር ነው። ከባዱ ጥፋት የእራት ግብዣ ላይ እንደ ዕቁብ ሰብስቦ አንዱ በራሱ ስም ቼክ ሲጽፍ ነው፦ በሌላ ሰው ስም መስጠት ወንጀል ነው። ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው አድራሻው፣ ሙያውና አሠሪው በሪፖርት ይገለጻል። ከቤተ ክርስቲያን ካዝና ምንም አይወጣም።

«ወሳኙ የኖቬምበር ምርጫ ነው»

አንድ ፓርቲ በገነነበት ወረዳ ነገሩ የሚያልቀው በፕራይመሪው፣ ማለትም ፓርቲው ለኖቬምበር ዕጩውን በሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ ነው። ኢልሃን ኦማር እ.ኤ.አ. በ2016 ለሚኒሶታ ስቴት ምክር ቤት ሲወዳደሩ 44 ዓመት የቆዩትን ፊሊስ ካንን ያሸነፉት በኦገስት ፕራይመሪ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ደጋፊ በዴሞክራትነት ካልተመዘገበ በዴሞክራቶች ፕራይመሪ አይመርጥም፤ የሜሪላንድ ፕራይመሪ ዝግ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ግን በፓርቲ መመዝገብ አያስፈልገውም። ስለዚህ በር እያንኳኩ «ይምረጡን» ከማለት በፊት «በየትኛው ፓርቲ ተመዝግበዋል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

«የሐበሻ ድምፅ ይበቃናል»

አይበቃም። አንድ የኮንግረስ ወረዳ 760,000 ያህል ነዋሪ አለው።

«ሁለት ዜግነት ይዤ እቀጥላለሁ»

አሜሪካ ኮንግረስ ለመግባት ሌላ ዜግነት አይከለክልም። የሚከለክለው የኛው ሕግ ነው፦ በአዋጅ 378/1996 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የቀድሞውን ያጣል። ቢጫ ካርድም፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ የመምረጥና የመመረጥ መብት አይሰጥም። ኢትዮጵያዊ ዜግነትን መልሶ ለማግኘት ኑሮን ኢትዮጵያ ማድረግ፣ የሌላውን አገር ዜግነት መተውና ማመልከት ያስፈልጋል።