ራስን መሆን ምንድን ነው? ከብስለት ጋር ስለሚመጣው ነጻነት

አዲስ አበባ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ድምፅ ቀየርኩ። እኛ ጎጃም «መጥቸ» ነው የምንለው። «በልቸ»፣ «ሂጀ»፣ «ሰምቸ»። ዶርም ውስጥ አንድ ልጅ አነጋገሬን አስመሰለ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «መጥቼ» ሆንኩ። እናቴ ስትደውል ክፍሉ ውስጥ ሰው ካለ ደረጃውን ወርጄ ግቢ ውስጥ ነበር የማናግራት። ከእሷ ጋር በ«መጥቼ» ማውራት ደግሞ አልችልም። አፌ እምቢ ይላል።

ባለፈው ወር ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ልንጀምር ሰው ሁሉ ተቀምጧል። ስልኬ ጠራ። «እማየ፣ ስብሰባ ገብቸ ነው፤ ማታ እራት በልቸ እደውልልሻለሁ» አልኳትና ዘጋሁ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ምን እንዳልኩ ለራሴ የገባኝ እንኳ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ነው። ከ20 ዓመት በላይ የደበቅኳት ድምፅ በገዛ እግሯ ተመልሳ መጣች። አልወሰንኩም፤ አልተዘጋጀሁም።

ራስን መሆን የሚባለውን ነገር እዚህች ላይ ነው ያየሁት። ስለዚህ ቃሉን ቀስ ብዬ ልፍታው።

«ራስህን ሁን» የሚለው ምክር ዛሬ በየቲክቶኩ አለ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለወጣት ነው፤ የሚነገረውም እንደ ትእዛዝ ነው። እኔ ግን በትእዛዝ የሚሆን ነገር አይመስለኝም። የ19 ዓመት ልጅ «ራስህን ሁን» ሲባል የትኛውን ራሱን ይሁን? ገና እየተሠራ ነው። አማርኛ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ወጥ ይበስላል፣ እህል ይበስላል፣ ሰውም ይበስላል። ያልደረሰ ሰው ጥሬ ነው። ነገር የማይለይ ሰው ብስል ከጥሬ ይደባልቃል። ቶሎ የወረደ ሽሮ ምን ቅቤ ቢገባበት ጥሬ ጥሬ ይሸታል። ራስን መሆንም እንደዚያው ነው፤ እሳትም ጊዜም ይፈልጋል።

እሳቱ ይሉኝታ ነው። ቃሉን ልብ ብለን እንየው። «ይሉኛል» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ «ሰዎች ምን ይሉኝ ይሆን?» የሚለው ጭንቀት ስም ሆኖ ቁጭ አለ። የሚሉት ሰዎች ማን እንደሆኑ ቃሉ አይናገርም። እነሱ ናቸው፤ በቃ። ጠግቤ ሳለሁ ተጨማሪ እንጀራ የሚያስበላኝ፣ የሌለኝን ገንዘብ የሚያስበድረኝ፣ ያልገባኝን ነገር «ገባኝ» የሚያሰኘኝ እሱ ነው። ከእናቴ ጋር ለማውራት ደረጃ ያስወረደኝም እሱ ነው።

ይሉኝታ በወጣትነት ለምን እንደሚብስ የሥነ ልቦና ሰዎችም ጽፈዋል። አሜሪካዊው ዴቪድ ኤልካይንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጎረምሳ ሁልጊዜ የማይታይ ተመልካች ፊት እንደቆመ ይሰማዋል አለ። ፊቱ ላይ አንዲት ብጉር ብትወጣ አገር ሁሉ እሷን የሚያይ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ ነገሩን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ሞከሩት። አንዱን ተማሪ የሚያሳፍር ምስል ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሌሎች ወደተቀመጡበት ክፍል ያስገቡታል። ከዚያ «ስንቱ ያየህ ይመስልሃል?» ይሉታል። ለባሾቹ በአማካይ ግማሽ ያህሉ አይቶናል ብለው ገመቱ። ያየው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ይህን ሳነብ የዶርሙ ደረጃ ትዝ አለኝ። ስንት ጊዜ በከንቱ ወርጃለሁ!

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። የቲሸርቱ ነገር ለዩኒቨርሲቲ ክፍል ይሠራል። ለቢቸና ገጠር፣ ለሞጣ፣ ለደምበጫ ሰው «ማንም አያይህም» ብትሉት አያምናችሁም፤ እውነቱን ነው። አገር ቤት ሰው ያያል። ማን ለቅሶ እንደቀረ፣ ማን ማኅበር እንዳሳለፈ፣ የማን ልጅ ማንን ሰላም ሳትል እንዳለፈች ይታያል፤ ይወራል። የሚወራው ደግሞ ወሬ ሆኖ ብቻ አይቀርም። ስሙ የጠፋ ሰው ደቦ ቢጠራ ማን ይመጣለታል? ወንፈል ማን ይገባለታል? ጤፉ በዝናብ እየተመታ ብቻውን ያጭዳል። ስለዚህ ይሉኝታ ዝም ብሎ ፍርሃት አይደለም፤ ሰው ከሰው ጋር የሚኖርበት ገመድም ነው። «ይሉኝታ ቢስ» ስድብ የሆነውም ለዚህ ነው። ራስን መሆን ማለት ይሉኝታ ቢስ መሆን አይደለም። ይሉኝታ ቢስ ገመዱን የበጠሰ ሰው ነው። ራሱን የሆነ ሰው ግን ገመዱን ይዞ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ቋጠሮ የፈታ ነው።

እንዴት ይፈታል? ጎጃም ለዚህ የሚሆን የራሱ ትምህርት ቤት አለው፤ ቅኔ ቤት። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ መንገድ ስሞች የሆኑት፣ ዲማ ጊዮርጊስ ከሩቅ አገር ተማሪ የሚጠራው ያለ ነገር አይደለም። ልጁ ከእናት ከአባቱ ተለይቶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ ይሄዳል። ግስ ይቆጥራል፤ አገባብ ያጠናል። ከዚያ ከሁሉ ትንሿን ቅኔ ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃናን። ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። እዚያች ውስጥ ሰሙንም ወርቁንም፣ ዜማ ልኩንም ማግባት አለበት። ቀን ዛፍ ሥር ብቻውን ሲያሰላስል ይውላል፤ ማታ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። መምህሩ ያርማል። በነጋታው ሌላ። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ድረስ ይወጣል። ዓመታት ይፈጃል።

የዚህ ሁሉ መጨረሻ ምንድን ነው? ማንም ያላለውን ማለት ነው። የሰው ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ትናንት የተባለ ለዛሬ አይሆንም። ያ ሁሉ መታረም፣ ያ ሁሉ ልክ፣ ልጁን የመምህሩ ግልባጭ ለማድረግ አልነበረም። የራሱን ድምፅ እንዲያወጣ ነበር። የቃሉ ሥር ራሱ ይገርመኛል። ቅኔ የሚመጣው «ቀነየ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ ገዛ፣ አስገዛ ማለት ነው። «ተቀንየ» ሲሆን ተገዛ፣ አገለገለ ይሆናል። የቋንቋው እጅግ ነጻ የሆነው ንግግር ስሙን ያገኘው ከመገዛት ነው። ጥሬው ልጅ ለልኩ ይገዛል። የበሰለው ባለቅኔ በልኩ ውስጥ እንደልቡ ቅኔ ይዘርፋል።

አያቴ ቅኔ ቤት አልገባችም። ፊደልም አልቆጠረችም። ግን እንደዚያ ሆና ያየኋት እሷን ነው።

እኔ 10ኛ ክፍል ሳለሁ አያቴ ወንዱ ዐረፈ። አርባው ሲደርስ ቤተ ዘመድ ስለ ተዝካሩ ሊመክር ተሰበሰበ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ነገሩን ጀመረ። በሬ ያስፈልጋል፤ ቢያንስ አንድ። ጠላው ይህን ያህል ጋን፣ እንጀራው ይህን ያህል መሶብ። ገንዘቡ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ብድር እንደሚገኝም ያውቃል። አያቴ ምሰሶው ሥር ተቀምጣ እህል ትለቅም ነበር። ሰፌዱ ጉልበቷ ላይ ነው። ጣቶቿ ሳይቆሙ ጠጠር እያወጡ ወደ ጎን ይጥላሉ። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ቀና አለች።

«አያ፣ በሬ አላርድም» አለች።

«አንች! አገር ምን ይለናል?»

«ይበል። የአባቴን ተዝካር ሳወጣ የምትታለብ ላሜን ሸጫለሁ። ሦስት መኸር ዕዳ ከፍያለሁ። ልጆቼ ያን ጊዜ ወተት አላገኙም። ያን ድግስ ዛሬ የሚያስታውሰው ማን ነው? ለሱ ነፍስ ንፍሮ ቀቅየ፣ ጠላ ጠምቄ፣ የቆሎ ተማሪዎቹንና ነዳያኑን አበላለሁ። ቄሱም ያስተማሩን ይህንኑ ነው።»

ድምፇን ከፍ አላደረገችም። አልተቆጣችምም። ተመልሳ ወደ ሰፌዷ አጎነበሰች። የሟቹ ወንድም አኩርፎ ወጣ።

በአባቷ ተዝካር ጊዜ ያንኑ ቃል መናገር ትችል ነበር? አይመስለኝም። ያኔ ገና ጎጆ የወጣች ሴት ናት። ስም የላትም። «አባቷን በንፍሮ ሸኘች» ቢባል ያ ወሬ ልጆቿ ላይ ሳይቀር ያርፋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን የሰፈሩን ለቅሶ ሁሉ ደርሳለች። አራስ ጠይቃለች፤ የታመመ አስታማለች፤ ለሰው ድግስ እንጀራ ጋግራለች። አሁን ስሟ በአንድ ተዝካር አይጠፋም። ስለ ብስለት ሲወራ ይህ የሚዘነጋ ይመስለኛል። የትልቅ ሰው ነጻነት ከልቡ ብቻ አይመጣም። ለዓመታት ለሰው ከኖረው ኑሮም ይመጣል። ገና ስም ላላበጀች ሙሽራ «ይሉኝታሽን ተይ» ማለት ሌላ ነው።

ዕድሜ ብቻውንም አይበቃም። በ70 ዓመታቸው ሰርግ ላይ የት እንደተቀመጡ ቆጥረው የሚያኮርፉ ሰዎች አውቃለሁ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሎራ ካርስተንሰን ከዕድሜ ይልቅ የቀረው ጊዜ ስሜት ነው ወሳኙ ትላለች። ሰው ቀሪ ጊዜው አጭር እንደሆነ ሲሰማው ለማን ጊዜውን እንደሚሰጥ ይመርጣል። ክቡን ያጠባል፤ ልቡ የሚፈልገውን ያስቀድማል። አያቴ ያን ዓመት ቆብ ደፋች። ባለጥለቱን ቀሚስ ለልጆቿ ሰጠች። ከዚያ ወዲህ እማሆይ ነበር የምንላት። ይህን ጥናት ሳነብ እሷ ናት ዓይኔ ላይ የመጣችው።

ተዝካሩ እንዳለችው ወጣ። የባቄላና የስንዴ ንፍሮ፣ ጠላ፣ ዳቦ፣ የሽሮ ወጥ። የቆሎ ተማሪዎቹ ለምዳቸውን ለብሰው በረድፍ ተቀመጡ። እኔ ጠላ ቀዳሁ። አንዱ ተማሪ በእኔ ዕድሜ ነበር፤ ዋንጫውን ሲቀበለኝ እጁ በብርድ ተሰነጣጥቋል። ሰፈሩ መጣ፤ በላ፤ «ነፍስ ይማር» አለ፤ ሄደ። የሟቹ ወንድም በር ላይ ቆሞ ቆየና መጨረሻ ላይ ገብቶ ተቀመጠ። ንፍሮውን ዘገነ።

እሱም ከዓመታት በኋላ ታመመ። ልጆቹን አልጋው አጠገብ ጠርቶ ስለ መሬቱ፣ ስለ ከብቱ ተናዘዘ። ስለ ተዝካሩ ሲጠይቁት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «የኔንም እንደ ወንድሜ አድርጉት» አላቸው።