የመስክ አይጥ በማዕድ ላይ

የመስክ አይጥ የሚባለው በእርሻ፣ በሣር ሜዳና በጫካ የሚኖረው ነው። እህል፣ ሥር፣ ፍሬና ሣር ይበላል። ቆሻሻ ሲለቅም ከሚውለው የከተማ አይጥ ጋር መምታታት የለበትም። በማላዊም ሆነ በቬትናም የመስኩን የሚወዱ ሰዎች የቤቱን አይጥ ይጸየፋሉ።

ሰዎች አይጥ ይበላሉ ሲባል «ረሃብ ቢጠናባቸው ነው» የሚል መልስ ይቀድማል። በጽሑፍ በደንብ የቆየልን ታሪክ ግን የሚጀምረው ከሀብታም ቤት ነው።

ሮማውያን የወደዱት ግሊስ የተባለውን ነበር። ጅራተ ጸጉራም፣ ዛፍ ላይ የሚኖር፣ የብርድ ወራቱን ተኝቶ የሚያሳልፍ ፍጡር ነው። በጥብቅ ካየነው ከአይጥ ይልቅ የአይጥ ዘመድ ነው። ቫሮ የተባለው ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት አረባቡን በዝርዝር አስቀምጦታል። የማርቢያው ግድግዳ ከውስጥ ልሙጥ ይደረጋል፤ ቧጥጦ እንዳይወጣ። ግቢው ውስጥ የባሉጥ ዛፍ ይተከላል። ማድለቡ ሲደርስ ወደ ሸክላ ጋን ይገባል። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ጋን ነው፤ በውስጡ መረማመጃ አለው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ዋልነትና የባሉጥ ፍሬ እየበላ ከመተኛት በቀር ሥራ የለውም።

አሠራሩም ቀላል አልነበረም። በአፒኪዩስ ስም በሚታወቀው የሮማውያን የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሠረት፣ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ፣ የራሱ ሥጋ፣ ቁንዶ በርበሬና የጥድ ፍሬ ሆዱ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ተሰፍቶ ምድጃ ይገባል። ቅንጦቱ ስለበዛ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ115 ቆንስል የተባለው የሮም የበላይ ሹም ማርቆስ ኤሚሊየስ ስካውሩስ በሕግ ከማዕድ አገደው። ዛጎል ለባሽ የባሕር እንስሳትና ከሩቅ አገር የመጡ ወፎችም አብረው ታገዱ። ማን ሰማ! ከአራት መቶ ዓመት በላይ አልፎ የታሪክ ጸሐፊው አሚያኑስ ማርኬሊኑስ የሮም ባለጠጎችን ሲተች፣ በግብዣ መሃል ሚዛን አስመጥተው ግሊስ ያስመዝኑ እንደነበር ጽፏል። ሠላሳ ጸሐፊዎችም ቆመው ክብደቱን ይመዘግባሉ።

ይኸው እንስሳ በስሎቬኒያ ፖልህ ይባላል፤ እዚያ ግን የገበሬ ምግብ ነው። የአገሩ ጸሐፊ ያኔዝ ቫልቫሶር በ1689 ባሳተመው ሥራ አደኑን ተርኮታል። ሰይጣን በሌሊት እንደ እረኛ ይነዳቸዋል የሚለውንም የአገሬውን ወሬ አልተወም። ቢች የተባለው ዛፍ በደንብ ባፈራበት ዓመት ፖልህ ይበዛል፣ ይወፍራል። በመስከረም መጨረሻ ገደማ አዳኙ ወጥመዱን ይዞ ጫካ ያድራል። ቆዳው ኮፍያ፣ ሞራው መድኃኒት፣ ሥጋው ወጥ ይሆናል። በስኔዥኒክ ግንብ አጠገብ ለፖልህ አደን ብቻ የቆመ ሙዚየም አለ። ይህን ያህል የተከበረ አይጥ ሌላ ቦታ ማግኘት ያዳግታል።

በሕንድ ጉዳዩ ከማኅበራዊ ደረጃ ጋር ተቆራኝቷል። በቢሃር የሚኖሩት ሙሳሃሮች ስማቸው ራሱ «አይጥ በሊታ» ማለት ነው፤ ስሙም ለንቀት ሲውል ኖሯል። በታሚል ናዱ ያሉት ኢሩላዎች ደግሞ የጉድጓዱን አፍ አይተው ውስጡ አይጥ መኖር አለመኖሩን የሚለዩ ባለሙያዎች ናቸው። ባህላዊው ዘዴ ሸክላ ድስት ውስጥ እሳት አጭሶ ጭሱን በአፍ ወደ ጉድጓዱ መንፋት ነው። እጅና ከንፈር ያቃጥላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በእጅ የሚዘወር የብረት ማጨሻ ተሠራላቸው። አይጡ ከተያዘ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ያጠራቀመውንም እህል ቆፍረው ይወስዳሉ። ለእርሻው ባለቤት ነፃ አገልግሎት ማለት ነው። በአሩናቻል ፕራዴሽ የሚኖሩት አዲዎች ግን የሚያሳፍር ነገር አያዩበትም። በየዓመቱ መጋቢት ላይ በሚያከብሩት ኡንዪንግ አራን በዓል አይጥ የክብር ምግብ ነው።

በቬትናም ሜኮንግ ዴልታ ከሩዝ አጨዳ በኋላ ይያዛል፤ ከሎሚ ሣር ጋር ይጠበሳል። ከካምቦዲያም በሕይወት እያለ ድንበር ተሻግሮ ይሸጣል። በኒውዚላንድ ማኦሪዎች ኪዮሬ የሚሉትን አይጥ በራሱ ስብ አስቀምጠው ያቆዩ ነበር።

በማላዊ ምበዋ ይባላል። በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ ልጆች ጉድጓድ ቆፍረው ይይዙታል። ተቀቅሎ፣ ጨው ተደርጎበት፣ ደርቆ፣ በተሰነጠቀ እንጨት ተደርድሮ መንገድ ዳር ይሸጣል። በምዕራብ አፍሪካ ተወዳጁ ግራስከተር የተባለው ትልቅ የአይጥ ዘመድ ነው። አድጎ ከ6 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል።

በቬኔዝዌላ ካፒባራ የተባለው ግዙፍ የአይጥ ዘመድ በጾም ወራት ይበላል። ግማሽ ኑሮው ውኃ ውስጥ ስለሆነ ጳጳስ «እንደ ዓሣ ይቆጠር» ብሎ ፈቅዷል ይባላል። ታሪኩ በየቦታው ይነገራል፤ ፈቃዱን ማን እና መቼ እንደሰጠ ግን ተራኪዎቹ አይስማሙም።

በሌላ በኩል ኦሪት ዘሌዋውያን 11፥29 አይጥን ከርኩሳን ይቆጥረዋል። አብዛኞቹ የእስልምና ሊቃውንትም አይፈቅዱትም።

የጤናው ጉዳይ በቀላሉ አይታለፍም። በ1969 በናይጄሪያ ላሳ ከተማ የተለየው የላሳ ትኩሳት የሚተላለፈው ማስቶሚስ በተባለ አይጥ ነው። በደንብ የበሰለ ሥጋ ብዙም አያሰጋም፤ አደጋው ሲይዙትና ቆዳውን ሲገፍፉት ነው። በመርዝ የሞተ አይጥም አይበላም። በሞንጎሊያ በ2019 ማርሞት የተባለውን የሜዳ እንስሳ የበሉ ባልና ሚስት በወረርሽኝ በሽታው በፔስት ሞተዋል። ማርሞት በዚያ አገር በጋለ ድንጋይ ተጠብሶ የሚበላ የቆየ ምግብ ነው። እነሱ የበሉት ጥሬውን ነበር።