«ህንድኛ» የሚባል ቋንቋ የለም፦ ስለ ህንድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ህንድ ለእኛ እንግዳ አገር አይደለችም። ፊልሟን መጀመሪያ በሲኒማ ቤት፣ በኋላ በካሴት፣ አሁን ደግሞ በአማርኛ ድምፅ ተተክቶበት በቴሌቪዥን አይተናል። በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ያስተማረውን ህንዳዊ መምህር ያስታውሳል። ለሕክምና ወደዚያው የሚሄደውም ቁጥሩ ቀላል አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ቅርበት ነው፤ የምናውቃት ስለሚመስለን አንጠይቅም። ስለዚህ ከሰው አፍ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስሕተቶች አንድ በአንድ ላንሳ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ህንዶች የሚናገሩት ህንድኛ ነው»

በፊልም የምንሰማው ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ ሂንዲ ነው። ሂንዲ በሰሜንና በመካከለኛው ህንድ የሚነገር ሲሆን፣ በ2011 የሕዝብ ቆጠራ አፍ መፍቻው መሆኑን ያስመዘገበው 43.6 ከመቶ ነው። ለዚያውም ቦጅፑሪንና ራጃስታኒን የመሳሰሉ፣ ብዙ ተናጋሪዎቻቸው «ራሳቸውን የቻሉ ቋንቋዎች ናቸው» የሚሏቸው በሂንዲ ሥር ተደምረው ነው። ያው ቆጠራ 10,000ና ከዚያ በላይ ተናጋሪ ያላቸው 121 ቋንቋዎች መዝግቧል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ለ22 ቋንቋዎች በስም እውቅና ይሰጣል። የሩፒ ኖት በእጁ የገባ ሰው ገልበጥ አድርጎ ይመልከተው፤ የገንዘቡ መጠን ከፊትና ከኋላ በ17 ቋንቋ ተጽፎበታል።

ልዩነቱ ደግሞ የአነጋገር ዘዬ ልዩነት ብቻ አይደለም። አማርኛና ኦሮምኛ የማይግባቡ ቢሆኑም ወደ ኋላ ሲቆጠሩ ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከአፍሮ-እስያ ቤተሰብ ይመደባሉ። ሂንዲና ታሚል ግን ያን ያህል እንኳ አይዛመዱም። ሂንዲ የፋርስኛና የእንግሊዝኛ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ታሚል፣ ቴሉጉ፣ ካንናዳና ማላያላም ድራቪዲያን ከሚባል ሌላ ግንድ የወጡ ናቸው። ለእኛ በትምህርት ቤት ካስተማሩት ህንዶች ብዙዎቹ የመጡት ከደቡባዊቷ የኬረላ ግዛት ነበር። እርስ በርሳቸው ሲያወሩ «ህንድኛ» እያልን የሰማነው ማላያላም ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ደስ የሚል ነገር እዚህ አለ። አብዛኞቹ የህንድ ፊደሎች የሚሠሩት እንደ ግዕዝ ፊደል ነው። ዋናው ፊደል አናባቢውን በውስጡ ይዞ ይነበባል፤ ሌላ አናባቢ ሲፈለግ ቅርጹ ላይ ምልክት ይጨመርበታል። ካዕብና ሣልስ ቆጥሮ ላደገ ልጅ የሂንዲ ፊደል ገበታ ባዕድ አይሆንበትም።

«ሂንዲ የህንድ ብሔራዊ ቋንቋ ነው»

ይህን ብዙ ህንዶች ራሳቸው ይሳሳቱታል። ሕገ መንግሥቱ ሂንዲን የማዕከላዊው መንግሥት የሥራ ቋንቋ ይለዋል እንጂ «ብሔራዊ ቋንቋ» የሚል ቃል አልሰጠውም። በ2010 የጉጃራት ከፍተኛ ፍርድ ቤት «በሸቀጦች ላይ በሂንዲ መጻፍ ግዴታ ይሁን» የሚል አቤቱታ ቀርቦለት፣ ሂንዲን ብሔራዊ ቋንቋ የሚያደርግ ድንጋጌ እንዳላገኘ ተናግሯል።

ጉዳዩ ደም የፈሰሰበት ነው። ሕገ መንግሥቱ በጥር 1950 ሲጸና እንግሊዝኛ ለ15 ዓመት ብቻ እንዲያገለግልና ከዚያ ቦታውን ለሂንዲ እንዲለቅ ታስቦ ነበር። ቀነ ገደቡ በ1965 ሲደርስ የያኔዋ የማድራስ ግዛት፣ የዛሬዋ ታሚል ናዱ፣ በተቃውሞ ተናወጠች። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፣ ራሳቸውን በእሳት ያቃጠሉ ነበሩ፣ በርካታ ሰዎችም ሞቱ። በ1967 ሕጉ ተሻሽሎ እንግሊዝኛ ከሂንዲ ጎን እንዲቀጥል ተደረገ። ህንዶች እርስ በርስ በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ አይቶ «የራሳቸውን ቋንቋ ንቀው» የሚል ሰው ይህን ታሪክ ቢያውቅ ኖሮ አይፈርድባቸውም ነበር። ለታሚሉ እንግሊዝኛ ማንም በማንም ላይ የማይሰለጥንበት መሃል ሜዳ ነው።

«ህንድ ማለት ሂንዱ ማለት ነው»

የሁለቱ ስም ምንጭ አንድ ነው፤ ሲንዱ ከተባለው ወንዝ የመጣ ነው። ፋርሶች «ሂንዱ» አሉት፣ ግሪኮች «ኢንዶስ»። ዛሬ ግን ሂንዱ የሃይማኖት ስም ነው። በ2011 ሂንዱው 79.8 ከመቶ ሲሆን፣ ሙስሊሙ 14.2 ከመቶ ነበር። ይህ አናሳ የሚባለው ቁጥር ወደ 172 ሚሊዮን ሕዝብ ማለት ነው፤ ከመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ይበልጣል። ረጅም ጥምጥምና ጺም አይተን «ሂንዱ» የምንላቸውም ብዙ ጊዜ ሲኮች ናቸው፤ እምነታቸው በፑንጃብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በተወለዱት በጉሩ ናናክ የተጀመረ፣ ራሱን የቻለ ሃይማኖት ነው።

ክርስቲያኖቹ ደግሞ የእንግሊዝ ሚሲዮናውያን ፍሬ ብቻ አይደሉም። የኬረላ ክርስቲያኖች ሐዋርያው ቶማስ በ52 ዓ.ም. እንደመጣላቸው ይተርካሉ። ትውፊቱን የሚቀበልም የማይቀበልም ቢኖር፣ ማኅበረሰባቸው ፖርቹጋሎች ከመድረሳቸው ብዙ መቶ ዓመታት በፊት እዚያ እንደነበረ አያጠያይቅም። ከመምህሮቻችን ውስጥ ቫርጊስና ማታይ የሚባሉ ነበሩ፤ ቫርጊስ ጊዮርጊስ ነው፣ ማታይ ማቴዎስ። የኬረላው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጋር በእምነት አንድ ነው። በጥር 1965 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችን አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ የህንዱ ካቶሊኮስ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ነበሩ። በኋላ ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ የተባሉት የኬረላ ሰውም በወጣትነታቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው አስተምረዋል፣ የንጉሠ ነገሥቱም ረዳት ነበሩ። ህንዱን መምህራችንን «ጣዖት አምላኪ» እያልን በሹክሹክታ ስናማው፣ እሱ እኛ የምንጾመውን ዓቢይ ጾም ይጾም ነበር።

«ኢንድራ ጋንዲ የማህተመ ጋንዲ ልጅ ናቸው»

ዝምድና የላቸውም። ኢንድራ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የጃዋሃርላል ኔህሩ ልጅ ናቸው። ጋንዲ የሚለውን ስም ያገኙት በ1942 ካገቧቸው ከፌሮዝ ጋንዲ ሲሆን፣ ባላቸው የጥንቱ የፋርስ ሃይማኖት የዘረደሽት እምነት ተከታይ ከሆኑት ፓርሲዎች ወገን ነበሩ። ማህተመ ጋንዲ ራሳቸው ፕሬዚዳንትም ጠቅላይ ሚኒስትርም ሆነው አያውቁም፤ የኖቤል የሰላም ሽልማትም አላገኙም፤ ለአምስት ጊዜ ታጭተው ነበር። በጥር 30 ቀን 1948 ተገደሉ፣ የዚያን ዓመት ሽልማት ኮሚቴው ለማንም ሳይሰጥ ቀረ። «በዓለም ላይ ማየት የምትፈልገውን ለውጥ ራስህ ሁን» እየተባለ ከፎቷቸው ሥር የሚለጠፈው አባባልም በዚያ መልኩ በጽሑፎቻቸው ውስጥ አይገኝም።

«የህንድ ፊልም ሁሉ ቦሊዉድ ነው»

ቦሊዉድ ሙምባይ የሚሠራው የሂንዲ ፊልም ብቻ ነው። ሃይደራባድ የቴሉጉ፣ ቼናይ የታሚል ፊልም ትሠራለች፤ የራሳቸው ኮከቦችና የራሳቸው ገበያ አላቸው። በ2023 ኦስካር ያሸነፈው የህንድ ዘፈን በቴሉጉ የተዘፈነ ነው።

«1፣ 2፣ 3 የዓረብ ቁጥር ነው»

የጥንት የዓረብ ሊቃውንት ራሳቸው «የህንድ ቁጥር» ይሉት ነበር። የህንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ በ628 ዜሮን እንደ ሙሉ ቁጥር ቆጥሮ እንዴት እንደሚደመርና እንደሚቀነስ ሕግ ጻፈለት። በጉዋሊየር ከተማ በሚገኝ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ከ876 የቆየ ዜሮ ያለበት ጽሑፍ ዛሬም ይታያል። ዕውቀቱ ወደ ባግዳድ ተሻገረ፤ አውሮፓውያን ከዓረቦች ስለተማሩት በአስተማሪዎቹ ስም ጠሩት። የዜሮን ጥቅም ለማየት የራሳችንን የግዕዝ ቁጥር ማየት ይበቃል፤ ለዐሥር ፲፣ ለመቶ ፻ የየራሳቸው ምልክት አላቸው እንጂ ዜሮ የለውም። በእሱ ላይ ቁጥር አስቀምጦ ማባዛት የሞከረ ሰው ምን እንደጎደለ ወዲያው ይገባዋል።

ከህንድ የመጣልን ቁጥር ብቻ አይደለም። ሰንጠረዥ የምንለው ጨዋታ በሳንስክሪት ቻቱራንጋ ይባላል፤ «አራት ክንፍ» ማለት ሲሆን እግረኛውን፣ ፈረሰኛውን፣ ዝሆኑንና ሠረገላውን ያመለክታል። በፋርስና በዓረብ በኩል ዞሮ፣ ሻትራንጅ ተብሎ፣ እኛ ዘንድ ሰንጠረዥ ሆነ። ስኳርና ዝንጅብል የሚሉት ቃላትም ሥራቸው ህንድ ነው።

«ካሪ የህንድ ቅመም ነው፤ ህንድ ሥጋ አይበላም»

ካሪ የሚባል አንድ ቅመም የለም። በሱቅ በብልቃጥ የሚሸጠው ዱቄት ለእንግሊዞች ምቾት ተብሎ የተዘጋጀ ድብልቅ ነው፤ የህንድ እመቤት እርዱን፣ ከሙኑን፣ ድንብላሉን፣ ሄሉንና አብሹን ለየወጡ ለይታ ትመጥናለች፤ የእኛ ሴቶች ለየወጡ መከለሻውን እንደሚለዩት። ይበልጥ የሚደንቀው ቃሪያው ነው። ፖርቹጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ካሊከት ሲደርስ በህንድ ወጥ ውስጥ ቃሪያ አልነበረም፤ ማቃጠሉን የሚሰጠው ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል ነበር። ቃሪያ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ወደ እስያ ያመጡት ፖርቹጋሎች ናቸው። ድንችና ቲማቲምም እንዲሁ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ሥጋን በተመለከተ፣ የማይበላው ሕዝብ ብዙ ቢሆንም ከግማሽ በታች ነው። ቤንጋል ያለ ዓሣ ገበታ የማይቀርብበት አገር ነው፤ በኬረላ የበሬ ሥጋ በግልጽ ይሸጣል።

«ታጅ ማሃልን የሠሩት ሰዎች እጃቸው ተቆረጠ»

ታጅ ማሃል ቤተ መንግሥት አይደለም፣ መቃብር ነው። የሙጋሉ ንጉሥ ሻህ ጃሃን ያሠራው በ1631፣ 14ኛ ልጃቸውን ስትወልድ ለሞተችው ሚስቱ ለሙምታዝ ማሃል ነው። «ሁለተኛ እንዳይሠሩ እጃቸውን አስቆረጠ» የሚለው ወሬ በዘመኑ በተጻፈ በምንም መዝገብ የለም። ነገሩም አይመስልም፤ ንጉሡ ታጅ ሳያልቅ በ1639 በዴልሂ አዲስ መናገሻ ማሠራት ጀምሯል፤ የታጅ ዋና ሐናጺ የሚባለው ኡስታድ አህመድ ላሆሪም እዚያው ቀዩን ምሽግ ሠርቷል። ግንበኛ የሚፈልግ ንጉሥ የግንበኛ እጅ አይቆርጥም።

«ካስት በሕግ ቀርቷል»

ካስት ሰው በትውልዱ የሚመደብበት የማኅበራዊ ደረጃ ሥርዓት ነው። በሕግ የቀረው «የማይነኩ» እያሉ ሰውን ማግለል ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ይህን ወንጀል አድርጎታል። ካስቱ ራሱ አልተሰረዘም፤ መንግሥት ለተበደሉት ወገኖች በትምህርትና በሥራ ኮታ ሲይዝ የሚጠቀምበት መለያ ነው። የሕገ መንግሥቱን አርቃቂ ኮሚቴ የመሩት ቢ. አር. አምቤድካር ራሳቸው ከዚያው ከተገለለው ወገን የተወለዱ ነበሩ። ሕጉ ብቻውን እንደማይበቃ ያመኑ ይመስለኛል፤ በጥቅምት 1956 ናግፑር ላይ በመቶ ሺህ ከሚቆጠሩ ተከታዮቻቸው ጋር ወደ ቡድሂዝም ገቡ።

«ሐበሻና ህንድ የተዋወቁት በነጋዴና በመምህር ነው»

ይህኛው ስሕተት ከሁሉ ይቆጨኛል፣ የራሳችንን ሰው ስለሚያስረሳን። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ፣ የልጅነት ስሙ ቻፑ እንደነበር የተጻፈለት ልጅ ለባርነት ተሸጠ። ከጌታ ወደ ጌታ እየተላለፈ በሞካና በባግዳድ አድርጎ ደቡብ ህንድ ደረሰ፤ በመንገዱም ተምሮ አምባር የሚል ስም አገኘ። የገዛው የአህመድናጋር መንግሥት ሹም ራሱ ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሐበሻ ነው። ጌታው ሲሞት ነጻ ወጣ፣ ወታደር ሆነ፣ የራሱን ጦር አሰባሰበ። ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩት ሙጋሎች በ1600 አህመድናጋርን ሲይዙ፣ ማሊክ አምባር ከንጉሣዊው ቤተሰብ አንዱን አንግሦ፣ ልጁን ድሮለት፣ እስኪሞት እስከ 1626 አገሩን በእንደራሴነት ገዛ። ለአጼ አክባርም ለልጁ ለጃሃንጊርም አልተንበረከከም። በፈጣን ፈረሰኛ ስንቅ እየቆረጠ፣ ሌሊት እየወረደ የሚዋጋበትን ስልት የምዕራብ ህንድ ሕዝብ የሆኑት ማራታዎች በኋላ ወርሰውታል፤ የታላቁ የማራታ ንጉሥ የሺቫጂ አባት ሻሃጂ በእሱ ጦር ውስጥ አገልግሏል። ጃሃንጊር ጥላቻው ቢጸናበት፣ የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቷል። በሕይወት ያላገኘውን በቀለም አገኘው። አምባር በ1610 የቆረቆራት ካድኪ በኋላ አውራንጋባድ ተባለች፤ ውኃ ያስገባላት የከርሰ ምድር ቦይ ዛሬም በስሙ ይጠራል። መቃብሩ ከከተማዋ ራቅ ብሎ ኩልዳባድ ይገኛል።

እሱ ብቻ አልነበረም። በአህመዳባድ ከተማ ሲዲ ሰይድ የተባለ ሐበሻ በ1573 ያሠራው መስጊድ አለ። የዛፍ ቅርንጫፍ መስሎ ከድንጋይ የተፈለፈለው መስኮቱ የከተማዋ ምልክት ሆኗል፤ የአገሪቱ ስመ ጥር የአስተዳደር ትምህርት ተቋምም ዓርማውን የወሰደው ከዚያ ነው።

እዚህ ላይ ግን እኛም ሌላ ስሕተት እንዳንጨምር። ዛሬ በጉጃራትና በካርናታካ የሚኖሩት፣ ሲዲ የሚባሉት አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው ህንዶች «ሐበሾች ናቸው» ሲባል እሰማለሁ። የዘረመል ጥናት የሚያሳየው የአብዛኞቹ ቅድመ አያቶች ባንቱ ተናጋሪ ከሆነው የምሥራቅና የደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ መሆናቸውን ነው። ህንድ ለረጅም ዘመን አፍሪካዊውን ሁሉ «ሐብሺ» ብላ ጠርታለች፤ ስሙ የእኛ ቢሆንም ሰዎቹ ሁሉ ከእኛ የሄዱ አይደሉም። የሚናገሩት ጉጃራቲ፣ ካንናዳና ኮንካኒ ነው።