ፀረ ወባ የዕፅዋት ውህድ ምንድን ነው?

አንድ ቅጠል «ለወባ ይሆናል» ሲባል፣ በውስጡ ካሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎች ተውሳኩን የሚገድሉት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ጥቂት ናቸው። ፀረ ወባ የዕፅዋት ውህድ የሚባለው እንዲህ ያለው ኬሚካል ነው፦ ከሌላው ተለይቶ የወጣ፣ የሞለኪዩሉ ቅርጽ የታወቀ፣ በሚሊግራም ሊመዘን የሚችል። የሲንኮና ዛፍ ልጣጭ ትኩሳት እንደሚያበርድ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ ጉልበቱ ግን ከዛፍ ዛፍ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1820 ፔሌቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ፈረንሳውያን ኪኒን የተባለውን ውህድ ከልጣጩ ነጥለው ካወጡ በኋላ ነው መድኃኒቱን በትክክል መዝኖ መስጠት የተቻለው።

ሥራው የሚጀምረው ከተክሉ ማንነት ነው። አበባና ቅጠል ያለው ናሙና ደርቆ፣ ስሙ በዕፅዋት ሊቅ ተረጋግጦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጣል። ይህን እንደ ወረቀት ሥራ የሚያዩ አሉ። ነገር ግን አርቴሚሲያ በሚለው የዕፅዋት ወገን ሥር ካሉት ዝርያዎች አብዛኞቹ አርቴሚሲኒን የተባለው ፀረ ወባ ውህድ የላቸውም፤ ስሙ ከተሳሳተ ውጤቱን ማንም ሊደግመው አይችልም።

ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ይፈጫል። 100 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር 80 በመቶ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ውስጥ እየተነቀነቀ ለ72 ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ ከተጣራ በኋላ አተላው በአዲስ ሜታኖል ሁለት ጊዜ ይደገማል። ሜታኖሉ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት እንዲተን ይደረጋል፤ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ በዝቅተኛ ግፊት ይደርቃል። ሙቀቱ ላይ መጠንቀቅ ለምን እንዳስፈለገ የአርቴሚሲኒን ታሪክ ያሳያል። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ መጀመሪያ ያወጧቸው ጭማቂዎች አንዴ ይሠራሉ፣ አንዴ አይሠሩም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ተክሉን በውሃ ነክሮ መጭመቅን እንጂ መቀቀልን እንደማያዝ አስተዋሉ፤ ሙቀት እያበላሸው ይሆናል ብለው በ35 ዲግሪ አካባቢ ወደሚፈላው ኤተር ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 ጥቅምት ወር ላይ 191ኛው ናሙና በወባ በተያዙ አይጦች ላይ ተውሳኩን ሙሉ በሙሉ አጠፋው።

ጭማቂው ከተገኘ በኋላ በሄክሳን፣ በክሎሮፎርም፣ በኤቲል አሲቴትና በቡታኖል በተባሉ ማሟሚያዎች በየተራ እየታጠበ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ክፍል ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም በተባለው የሰው ወባ ተውሳክ ላይ ይሞከራል፤ የሠራው እንደገና ይከፋፈላል፤ አንድ ንጹሕ ውህድ እስኪቀር ድረስ። አንዳንዴ ክፍሎቹ ሁሉ ከመነሻው ጭማቂ የደከሙ ሆነው ይገኛሉ። ይህ የሚሆነው ውህዱ በመንገድ ላይ ሲበላሽ፣ ወይም ሁለትና ሦስት ውህዶች ተጋግዘው ሲሠሩ ነው።

ኃይሉ የሚለካው አይሲ 50 በሚባለው ቁጥር ነው፤ የተውሳኩን እድገት በግማሽ ለመግታት የሚያስፈልገው መጠን ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውህዱ ይበረታል። ለጭማቂ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም በታች ጥሩ ውጤት ይባላል፤ አርቴሚሲኒን ግን በናኖግራም ደረጃ ይሠራል። ሙከራው ክሎሮኪን የተባለው የቆየ የወባ መድኃኒት በሚገድለው የተውሳክ ዝርያም (ለምሳሌ 3ዲ7)፣ ክሎሮኪንን በተለማመደውም (ለምሳሌ ደብልዩ2) ላይ መሠራት አለበት።

ተውሳኩን መግደል ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው። በረኪናም ይገድለዋል። ስለዚህ ያው ውህድ በሰው ሕዋስ ላይ ይሞከርና ሁለቱ ቁጥሮች ይካፈላሉ። ተውሳኩን በ4፣ የሰውን ሕዋስ በ20 ማይክሮግራም የሚገታ ውህድ 5 ያገኛል፤ መርዛማ ነው ተብሎ ይተዋል። ከ10 በላይ የሆነው ይቀጥላል። ክሪፕቶሌፒን የተባለው ውህድ ለምሳሌ ፀረ ወባ ኃይሉ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ከዲኤንኤ ጋር ስለሚጣበቅ ሕዋስንም ይጎዳል። ሌላው ወጥመድ ሳፖኒን ነው። ሳፖኒን ቀይ የደም ሕዋስን ያፈርሳል፤ ቤቱ የፈረሰበት ተውሳክም ይሞታል፤ ቁጥሩ ሲታይ ግሩም መድኃኒት የተገኘ ይመስላል። ያለ ተውሳክ በጤነኛ ደም ላይ ሳይሞከር የቀረበ ውጤት ማመን ይከብዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው የ4 ቀኑ የአይጥ ሙከራ ነው። እያንዳንዱ አይጥ 10 ሚሊዮን ያህል በፕላዝሞዲየም በርጌይ (የአይጥ ወባ ተውሳክ) የተያዙ ቀይ የደም ሕዋሳት ይወጋል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ የመጀመሪያው መጠን ይሰጣል፤ ከዚያ በቀን አንዴ ለ3 ቀን። በ4ኛው ቀን ከጭራው ደም ተወስዶ፣ በጊምሳ ተቀልሞ፣ ተውሳኩ ይቆጠራል። መድኃኒት ባላገኙት አይጦች 40 በመቶ፣ ባገኙት 10 በመቶ ሕዋስ ቢያዝ፣ የመግታት አቅሙ 75 በመቶ ነው።

«በኪሎ 400 ሚሊግራም 75 በመቶ ገታ» የሚል ውጤት ሲነበብ ወደ ሰው መመንዘር ይጠቅማል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀጥታ ቢባዛ 24 ግራም ይሆናል፤ ይህ ግን የተሳሳተ ስሌት ነው። የአይጥ መጠን ለ12 ገደማ ተካፍሎ ሲባዛ ወደ 2 ግራም ይወርዳል። ለጭማቂ 2 ግራም ተስፋ አለው፤ ለንጹሕ ውህድ ግን ከባድ ነው።

እዚህ የደረሰ ውህድም እንደ ተገኘ አይዋጥም። አርቴሚሲኒን በውሃም በዘይትም እምብዛም ስለማይሟሟ ኬሚስቶች አርቴሜተርንና አርቴሱኔትን ከእሱ ሠሩ። በሰዓታት ውስጥ ከደም ስለሚጠፋም የተረፈውን ተውሳክ የሚጠርግ፣ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ጓደኛ ይፈልጋል። የአርቴሜተርና ሉመፋንትሪን ጥምር ለ3 ቀን በ6 ጊዜ የሚወሰደው በዚህ ምክንያት ነው። የተክሉን ሻይ መጠጣት ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል፦ መጠኑ አይታወቅም፣ ጓደኛ የለውም፣ በትንሽ መድኃኒት ያልሞተው ተውሳክ ይተርፋል። ኬልች 13 በተባለው ዘረ መል ላይ ለውጥ ያላቸውና አርቴሚሲኒን ቶሎ የማያጠፋቸው ተውሳኮች በእስያም በአፍሪካም ታይተዋል። ከአሁን በኋላ ከተክል የሚወጣ ውህድ የሚፈለገው እነዚህን በሌላ መንገድ የሚመታ ከሆነ ነው።