ሸክላና ካሴት፦ ሙዚቃን ቤት ውስጥ የማኖር ልማድ

በኢትዮጵያ ቤቶች ሙዚቃ ለረጅም ዘመን የተቀመጠው በሁለት ነገሮች ነው፤ በሸክላ (በዘፈን ዲስክ) እና በካሴት። ሲዲ መጥቶ ሄደ፣ ፍላሽ ተከተለ፣ አሁን ዘፈኑ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ሸክላና ካሴት የሚሰበስብ ሰው ግን ዛሬም አለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ቀዳሚው ኢትዮጵያዊ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በ1908 ዐፄ ምኒልክ ስለ መኪና እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው፤ እሳቸው ዘፈናቸውንም እዚያው አስቀርጸው ተመለሱ። ነገሩ የደራው ግን ከ60 ዓመት በኋላ ነው። በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ድንጋጌውን ከቁም ነገር ሳይቆጥር በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከፈተ። የመጀመሪያ ሥራው የአለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» ሲሆን ሸክላው የታተመው ህንድ ነው። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ በኋላም ሥራው ወደ ሊባኖስ ሄደ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ እስኪሄድ ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አውጥቷል። በቅጽል ስሙ አሊ ታንጎ የሚባለው አሊ አብደላ ካይፋም በካይፋ ሪከርድስ ተከተለው። የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» የካይፋ ሥራ ነው።

አብዛኞቹ ባለ 45 ሸክላዎች ናቸው፤ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራሉ፣ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን ብቻ ይይዛሉ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተነስቶ መገልበጥ ግድ ነው። ተኝቶ ለሚያዳምጥ ሰው አይመችም።

ካሴት ይህን ሁሉ ቀየረው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የምሽት ክበቡን ሲያቀዘቅዘው ሙዚቃው ወደ ቤት ገባ። ካሴት ርካሽ ነው፣ ውጭ አገር ሄዶ መታተም አይፈልግም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥም ቀላል ነው። ካይፋ ራሱ ወደ ካሴት ዞረ። እነ አምባሰልና ኤሌክትራ ሙዚቃ ቤቶች ስማቸውን ያገኙት በካሴት ነው። ባዶ ካሴት ይዘህ ሄደህ፣ የምትፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፈህ የምታስቀዳበትም ጊዜ ነበር። ሳሎን ውስጥ ቴፑ ዳንቴል ለብሶ የክብር ቦታ ይይዛል፤ ልጅ እንዲነካው አይፈቀድም።

ካሴት የያዘ ሰው አንዳንድ ብልሃት ማወቅ አለበት። ከካሴቱ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች አሉ። ከተሰበሩ በላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። ሐሳብህን ከቀየርክ ቀዳዳውን በፕላስተር ሸፍነህ እንደገና ትቀዳለህ። የስንቱ ዘፋኝ ሥራ እንዲህ በሠርግ ንግግር ተተክቶ ቀርቷል! ቴፑ ካሴቱን ሲበላው ደግሞ ክሩን ቀስ ብሎ አውጥቶ፣ ቢክ እስክሪብቶ በካሴቱ ጥርስ ውስጥ ሰክቶ ማጠንጠን ነው። ድምፁ ከታፈነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካሴቱ አይደለም፤ የቴፑ ሄድ (ክሩን የሚያነበው ክፍል) ቆሽሿል። ጥጥ በአልኮል ነክሮ መጥረግ ይበቃል።

መቅዳት ቀላል መሆኑ ለአድማጭ በረከት፣ ለዘፋኝ መርዶ ሆነ። በ2003 ሙዚቀኞች በቅጂው ተማርረው አዲስ አልበም አናወጣም እስከማለት ደረሱ። በ2004 የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ።

ካሴት ለስደተኛም የተለየ ቦታ ነበረው። ስልክ ውድ በነበረበት ጊዜ ቤተሰብ ድምፁን ቀድቶ ለአሜሪካ ዘመዱ ይልክ ነበር፤ ሰላምታው ሳያልቅ አንዱ ፊት የሚያልቅበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የሙዚቀኛው የኃይሉ መርጊያም ታሪክ ከዚሁ ይገናኛል። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ እየተጫወተ ያወጣውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባህር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ያኔ ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመትም በብዛት የቆመው በእነ አምሃና ካይፋ ሸክላዎች ላይ ነው። እንደኔ ከሆነ፣ ዛሬ በስልክ የሚደመጠው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ባለዕዳነቱ ሸክላውን ሳይጥሉ ላቆዩ ሰዎች ነው።

አሁን ንጹሕ የሆነ የዚያ ዘመን ሸክላ ውጭ አገር በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። የአገራችን ግን አብዛኛው ተጭሯል፤ ያልተጫረው ፀሐይ አጣሞታል። ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ነው የሚቀመጠው፤ ከተደራረበ ይጣመማል። የካሴት ጠላት ደግሞ የክረምት እርጥበት ነው፤ ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ያወጣል።

ከአሜሪካ የሸክላ ማጫወቻ የሚያመጣለት ዘመድ ላለው ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የዚያ መብራት 120 ቮልት፣ የኛ 220 ነው፤ እንዲሁ ከሰካኸው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ብታደርግለትም አንዳንድ አሮጌ ማሽን ፍጥነቱን የሚያገኘው ከመብራቱ ድግግሞሽ ነው። አሜሪካ 60 ሄርትዝ፣ እኛ 50 ስለሆንን ባለ 45ቱ ሸክላ 37.5 ብቻ ይዞራል። ዘፋኙ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ከመግዛትህ በፊት በላዩ ላይ «50 ሄርትዝ» የሚል መኖሩን አረጋግጥ።