የዕረፍት ቀን በመንገድ ላይ ባለች ከተማ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለሳምንታት ወይም ለወራት በእግሩ የሚጓዝ ሰው አልፎ አልፎ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ጎራ ብሎ ሙሉ ቀን ሳይጓዝ ይውላል። ስለዚህ ቀን በተጓዦች መካከል ከሚነገረው ውስጥ ግማሹ እልህ፣ ግማሹ ደግሞ ምኞት ነው።

«ያረፍኩበት ቀን የከሰርኩት ቀን ነው»

ሒሳቡ እንዲህ አይልም። በአሜሪካ ከጆርጂያ እስከ ሜይን የሚዘልቀው የአፓላቺያን የእግር መንገድ ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀን 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አንድም ቀን ሳያርፍ በ140 ቀን ይጨርሰዋል። ስድስት ቀን ተጉዞ ሰባተኛውን ቢያርፍ ደግሞ 163 ቀን ይፈጅበታል። ብዙዎቹ ተጓዦች ከ5 እስከ 7 ወር ስለሚወስድባቸው ይህ ሰው ዘገየ አይባልም። ከተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የእግር አጥንት ስንጥቅ ግን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያስቀምጣል። ሃያ ሦስት ቀን ለመቆጠብ ሲባል ጉዞውን በሙሉ ለአደጋ ማጋለጥ ለእኔ ጉብዝና አይደለም።

ችግሩ የሰውነት ክፍሎች እኩል አለመጠንከራቸው ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጡንቻም ብዙ አይዘገይም። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ አስጊው ጊዜ ተጓዡ የደከመበት የመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አይደለም። «አሁን ገና ጠነከርኩ» ብሎ ርቀቱን በድንገት የሚጨምርበት ወቅትም ነው። ያን ጊዜ ትንፋሹ ይፈቅድለታል፤ ተረከዙና ቅልጥሙ ግን ገና አልተስማሙም።

«ካረፍኩ ያዳበርኩትን አቅም አጣለሁ»

በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚጠፋ አቅም የለም። የልብና የሳንባ ብቃት በግልጽ መቀነስ የሚጀምረው እንቅስቃሴ ካቆሙ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት እግር የሚከብደው ሰውነት ስለተሳሰረ ብቻ ነው፤ ትንሽ ሲሄዱ ይፍታታል።

«ከተማ ከገባሁ አረፍኩ ማለት ነው»

ከሁሉም የሚያስቀኝ ይህ ነው። የብዙ ተጓዦችን የዕረፍት ቀን ተከትላችሁ እዩት። ጠዋት ልብስ ለማሳጠብ ይወጣሉ። ከዚያ ለስንቅ ወደ ገበያ፣ የረሱትን ለማምጣት ተመልሰው ወደ ገበያ፣ ለፕላስተር ወደ ፋርማሲ፣ በፖስታ ለተላከላቸው ጥቅል ወደ ፖስታ ቤት ይሄዳሉ። ያውም በስስ ነጠላ ጫማ፣ በጠንካራ አስፋልት ላይ ነው። ማታ ሲቆጠር ግማሽ የጉዞ ቀን ያህል ተሄዷል፤ የጎደለው ሸክሙ ብቻ ነው፤ ሩጫው ግን አልቀረም።

መፍትሔው የዕረፍቱን ቀን ከዋዜማው መጀመር ነው። የመጨረሻውን ቀን ጉዞ አሳጥሮ እኩለ ቀን ላይ ከተማ የገባ ሰው ልብሱንም ስንቁንም ከሰዓት በኋላ ይጨርሳል። በማግስቱ ምንም ሥራ አይጠብቀውም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ሙሉ ሌሊት በአልጋ ይተኛል። ሰውነት የሚጠገነው በዋናነት በእንቅልፍ ስለሆነ የዕረፍትን ዋጋ በሌሊቶቹ ብዛት መመዘን ይሻላል። ቀኑንም አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደርሶ ጥቅሉ ፖስታ ቤት የተቆለፈበት ተጓዥ እስከ ሰኞ ለመጠበቅ ይገደዳል። ማደሪያውም የራሱ ሕግ አለው። ክርስቲያን ተሳላሚዎች በእግር ወደሚጓዙባት ከተማ ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ በሚወስዱት የስፔን መንገዶች ላይ የሚገኙት የሕዝብ የተጓዥ ማደሪያዎች በአብዛኛው ጤነኛ ሰው ከአንድ ሌሊት በላይ አያሳድሩም። እዚያ ለማረፍ ያሰበ ሰው ሌላ ማረፊያ መፈለግ አለበት።

«ያመመኝ ሁሉ በአንድ ቀን ይሻለኛል»

የትኛው ሕመም እንደሆነ ይወስነዋል። ሁለቱም ባቶቻችሁ ወይም ጭኖቻችሁ በስፋት ካመሟችሁ የጡንቻ ሕመም ነው፤ አንድ ቀን ብዙ ያስታግሰዋል። ሕመሙን በአንድ ጣት ጫፍ አጥንት ላይ ማሳየት ከቻላችሁ፣ ሲጫኑት ከጠዘጠዘ፣ ሌሊት ተኝታችሁም ከተሰማችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሐኪም ይየው። የሕመም ማስታገሻ ውጦ መቀጠል ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። በተለይ አይቡፕሮፌን ሰውነቱ ውሃ ባነሰው ሰው ላይ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

«አንድ ጊዜ እስኪበቃኝ በልቼ የጎደለኝን እሞላለሁ»

ብዙ መብላቱ ልክ ነው፤ አንድ ጊዜ የሚለው ነው ስሕተቱ። በጡንቻ ውስጥ የተሟጠጠው የስኳር ክምችት በደንብ ለመሙላት አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ካርቦሃይድሬት ያለበትን ምግብ ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ መብላት ይሻላል። መጠጥ ማብዛት ግን ለዚያ ሁሉ ልፋት የተገኘውን እንቅልፍ ያበላሻል።

«በሽታ ያለው ጫካ ውስጥ ነው፤ ከተማ ንጹሕ ነው»

ተጓዦች ተጨናንቀው የሚያድሩበት ክፍልና የጋራ መታጠቢያ ለሆድ በሽታ የተመቸ ስፍራ ነው። ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ በአልኮል ሳኒታይዘር በቀላሉ አይሸነፍም። እጅን በሳሙናና በውሃ መታጠብ ያስፈልጋል። ሌላው ሰው ከቆሎው ወይም ከብስኩቱ ከረጢት ሲጋብዛችሁ እጃችሁን ከመክተት ይልቅ መዳፋችሁ ላይ እንዲያፈስላችሁ ጠይቁት። ነውር የለውም።

«ዕቃዬን ስወጣ አየዋለሁ»

እርጥብ ሆኖ የተጠቀለለ ድንኳን ይሻግታል። ከተማ እንደገባችሁ ዘርጉት፤ ግን ጥላ ውስጥ ይሁን፣ የፀሐይ ጨረር ናይለኑን ያደክማል። የውሃ ማጣሪያውንም ንጹሕ ውሃ በተቃራኒው አቅጣጫ እየገፋችሁበት እጠቡት። ስንቅ ስትገዙ ደግሞ ከምግብ በኋላ ሂዱ። ለአንድ ቀን ከ600 እስከ 900 ግራም ደረቅ ስንቅ አብዛኛውን ሰው ያደርሰዋል፤ የራበው ገዢ ግን ለአምስት ቀን መንገድ የስምንት ቀን ስንቅ ይሸከማል።